ስለ ግል ኮምፒውተር አዘገጃጀትና ጥበቃ፦ ከባሕር ዳርና አካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር መጠገንና ማዘጋጀት ሥራዬ ነው። ስለ ግል ኮምፒውተር አዘገጃጀትና ደኅንነት ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩ ከጠየቅሁ ወዲህ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የፔዳ ግቢ ተማሪዎች፣ ከመምህራን፣ ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ባለቤቶች እንዲሁም በሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለጥገና ከሚመጡልኝ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የተጎዱት ባለቤቱ ራሱ በጫነው ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ በሚያደርግ ፕሮግራም) ወይም ከሰው በተዋሰው ፍላሽ ምክንያት ስለሆነ መልሶቼ በእነዚህ ላይ ጠንከር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ሻጩ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና ሌሎች ፕሮግራሞችን ሞልቶ ሰጥቶኛል። እንዳለ ብጠቀምበት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ማን፣ መቼ፣ ከየት ያመጣውን ፕሮግራም እንደጫነበት ስለማያውቁ የባንክም ሆነ የኢሜይል የይለፍ ቃል አይጻፉበት። የሚሻለው ዊንዶውሱን ከሥር ጀምሮ እንደገና መጫን ነው። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይያዙ፤ ማይክሮሶፍት በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያስቀመጠውን የመጫኛ ማዘጋጃ በሚያምኑት ኮምፒውተር አውርደው ፍላሹን ያዘጋጁ፤ ሲጭኑም በዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፍተው በባዶው ቦታ ላይ ይጫኑ። ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍል "ሲ"ን ብቻ ፎርማት አድርጎ (አጥፍቶ) ሌላውን ክፍል "ዲ"ን እንዳለ መተው በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን "ዲ" ላይ የተከማቹት የቆዩ ፕሮግራሞች ቫይረሱን ይዘው ስለሚቆዩ፣ ከእነዚያ አንዱን በከፈቱበት ቅጽበት የነበረው ችግር በሙሉ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙዎች የሚፈሩት የዊንዶውሱ ፈቃድ እንዳይጠፋባቸው ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የነበራቸው ላፕቶፖች ፈቃዳቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ያንኑ እትም፣ ማለትም ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ እስከጫኑ ድረስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል (ፈቃዱ ይረጋገጣል)። ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ግቡ፤ የማታውቁትን የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ አትግዙ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ በሠራተኛ አካውንት እንድትገቡ የሚጠይቅ ላፕቶፕም ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ አልወጣም ማለት ነውና እርሱንም ተዉት።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ኦፊስ አክቲቬት የሚያደርገውን ክራክ ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጉዳቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቁት ብዙዎች ስለሆኑ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ክራክ ሲጫን ዊንዶውስ "ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?" ብሎ ይጠይቃል። እሺ ባሉበት ቅጽበት ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ የእርስዎን ያህል ሥልጣን ያገኛል። በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ሊያነብ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ሊመዘግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ እርሱ ያለበትን ፎልደር እንዳይፈትሽ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከጫኑ በኋላ ዲፌንደርን መልሶ ማብራት ብዙም አይረዳም፤ ዘበኛው ወደ ቦታው ቢመለስም ያንን ክፍል እንዳያይ ታዝዟል። አሁኑኑ ሊያረጋግጡ ይችላሉ፤ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ይክፈቱ፣ ወደ ቫይረስ መከላከያው ሴቲንግስ ይግቡ፣ ከታች "ኤክስክሉዥንስ" የሚለውን ዝርዝር ይመልከቱ። እርስዎ ያላስገቡት ነገር እዚያ ሊኖር አይገባም። "ሲ" ድራይቭ በሙሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ ያገኘሁባቸው ኮምፒውተሮች አሉ፤ ባለቤቶቹ አንቲቫይረሳቸው እየሠራ ይመስላቸው ነበር።

ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶችም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። "ስቶፕ" ወይም "ዲጃቩ" በሚል ስም የሚታወቀው ቤተሰብ በዋናነት የተሠራጨው በክራክ ነው። ፎቶውም፣ የወርድ ጽሑፉም በስሙ መጨረሻ ላይ የማይታወቁ ፊደላት ይጨመሩበታል፤ በየፎልደሩም 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ግን 490 ዶላር የሚጠይቅ ማስታወሻ ይቀመጣል። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የቀድሞዎቹን ዓይነቶች በነጻ የሚፈታ መሣሪያ አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍታት አይቻልም። ይህ የደረሰበት ሰው ገንዘብ ከመላክ ይልቅ የተቆለፉትን ፋይሎች ገልብጦ ያስቀምጥ፤ "ኖ ሞር ራንሰም" በተባለው፣ ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት ድረ ገጽ ላይም መፍቻ መኖሩን ያጣራ።

ፈቃድ መግዛት ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ መሆኑን፣ በውጭ ምንዛሬ መክፈልም አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ በማያው ጥግ ላይ ጽሑፍ ከማሳየቱና የገጽታ ምርጫዎችን ከመከልከሉ በቀር ይሠራል፤ የደኅንነት አፕዴቱንም ይቀበላል። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፤ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችንም ይከፍታል። ከክራክ ጋር ሲነጻጸር የጥጉ ጽሑፍ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ስከፍተው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ጠፍተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አልጠፉም። ፎልደሩ ላይ ትንሽ ቀስት ካዩ፣ መጠኑም አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ፍላሹ ግን ብዙ ቦታ እንደተያዘ ካሳየ፣ እውነተኞቹ ፎልደሮች ተደብቀው በቦታቸው አሉ። ቀስት ያለበትን አይክፈቱት፤ እርሱ ፎልደሩን ሲያሳይዎ አብሮ ትሉን (ራሱን እያባዛ በፍላሽ የሚዛመተውን ቫይረስ) ያስነሣል። የቆዩት ዊንዶውሶች ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራምን በራሳቸው ያስነሡ ነበር፤ ያ ከተዘጋ በኋላ ግን እነዚህ ትሎች የሰውን ጠቅታ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይጽዳ። ዲፌንደር ውስጥ "ኦፍላይን ስካን" የሚባለውን ይምረጡ፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ከዊንዶውስ ውጭ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቀጥሎ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ፣ የሲስተም ፋይሎችንም እንዳይደብቅ ያድርጉ፤ ፎልደሮችዎ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ጽሑፍ፣ ፎቶና ፒዲኤፍ ብቻ መርጠው ይገልብጡ፤ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። እግረ መንገድዎን የፋይል ስም መጨረሻዎችን ዊንዶውስ እንዲያሳይ ያድርጉ፤ የፎቶ ምስል ለብሶ ስሙ ግን በ"ኢኤክስኢ" የሚያልቅ፣ ማለትም ፕሮግራም የሆነ ፋይል የሚታወቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ፍላሽ ይሰካብኛል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቻሉ ደንበኞች ፋይሉን በሱቁ የቴሌግራም አካውንት እንዲልኩ ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ይህን ለምደዋል። ፍላሽ የግድ ከሆነ ለመቀበያ አንድ ኮምፒውተር ይለዩ፤ የራስዎ ሒሳብና የባንክ ሥራ በዚያ ላይ አይሠራ። ሠራተኞችዎም አድሚኒስትሬተር ባልሆነ አካውንት ይሥሩ። ይህ የመጨረሻው በቤትም የሚጠቅም ነው፤ ለዕለት ሥራ ተራ አካውንት የሚጠቀም ሰው በስሕተት የነካው ፕሮግራም የአድሚኒስትሬተሩን የይለፍ ቃል ሳያገኝ የሲስተሙን ክፍል መቀየር አይችልም።

የምታሳትሙ ተማሪዎችም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ከፍታችሁ አትውጡ። ከፍታችሁ ከነበረ በስልካችሁ ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ "ዲቫይስስ" ወደሚለው ገብታችሁ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ።

ጥያቄ፦ አፕዴቱ ዳታዬን ይበላዋል። ብዘጋው ምን ይጎዳኛል?

መልስ፦ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት 4 ቀን "ዋናክራይ" የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ስለዚህ ከመዝጋት ይልቅ መግራት ይሻላል። የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ "ሚተርድ" (ዳታው የሚቆጠር) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ዊንዶውስ ትልልቁን ማውረድ ያቆማል። የማይክሮሶፍት ዋናው የደኅንነት አፕዴት የሚወጣው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በግቢው ወይም በመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት አውርዳችሁ ጨርሱ። "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን" የሚለውንም አጥፉት፤ ካልጠፋ የወረደውን አፕዴት በእናንተ ዳታ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በሚቆይበት ጊዜ ደግሞ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ዊንዶውስ 10 ነው ያለበት። ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ማራዘሚያም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚፈልገው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ቲፒኤም 2.0 ከተባለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ነው። ሥራዎ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ይጫኑ፤ ነጻ ነው፣ አፕዴቱም ይቀጥላል። ከመጫንዎ በፊት ከፍላሽ አስነሥተው ይሞክሩት፤ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ያያሉ። ሃርድ ዲስኩንም ከእርሱ በሚፈጥነው የማከማቻ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ፣ ቢቀይሩት ልዩነቱ እጅግ ይታያል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ላፕቶፔ ላይ ብቻ ነው ያለው። ባክአፕ እንዴት ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ፋይሉን ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። በዓመት መጨረሻ ከሚያጋጥሙኝ ነገሮች ሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ሲቃረብ ሃርድ ዲስኩ የማይነሣ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ነው። ደንቡ ሦስት ቅጂ፣ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለአንቺ ይህ ማለት አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ጉግል ድራይቭ ላይ ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩን ገልብጠሽ ስትጨርሺ ንቀዪው፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቀመጥ ከሆነ ላፕቶፑን የቆለፈ ቫይረስ እርሱንም ይቆልፈዋል። በየጊዜው በአንዱ ፋይል ላይ ከመደረብ ይልቅ በስሙ ላይ ቀኑን እየጻፍሽ አዲስ ቅጂ አስቀምጪ። አልፎ አልፎም ከቅጂዎቹ አንዱን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተሽ እዪ፤ ያልተፈተሸ ባክአፕ አይታመንም።

ጥያቄ፦ መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፒውተሩን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ዴስክቶፕ ከሆነ አዎን፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልገዋል። ያለ ዩፒኤስ ትልቅ አፕዴት አይጀምሩ። ላፕቶፕን ባትሪው ያድነዋል፤ ቻርጀሩን ግን መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላልና። በሐይቁ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ማታ መብራት የሚከቡት ጥቃቅን ነፍሳትና አቧራው ማራገቢያውን ስለሚዘጉ፣ የበጋው ሙቀት ከመጠንከሩ በፊት አስከፍታችሁ አስጠርጉ።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃል በአማርኛ ብጽፍ ይሻላል?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፊደሉ ግን የላቲን ይሁን፤ ዊንዶውስ ሲከፈት የአማርኛ ኪቦርድ ላያገኙ ይችላሉ። አራት ወይም አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አገጣጥመው ይጻፉ። ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ዓመትና የልጅ ስም አይሁኑ። ለኢሜይልዎ የተለየ ያድርጉለት፤ የሌሎቹ ሁሉ መመለሻ በእርሱ በኩል ነውና። በኢሜይልም በቴሌግራምም ሁለተኛውን የማረጋገጫ ደረጃ ያብሩ። "በስሕተት ወደ ስልክህ ኮድ ተልኮብኛል፣ ላክልኝ" ለሚል ሰው፣ ከጓደኛዎ አካውንት ቢጽፍልዎም እንኳ ኮዱን አይስጡ፤ የጓደኛዎ አካውንት አስቀድሞ ተወስዶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መጻፊያ ከጓደኛዬ ፍላሽ ብጭን ችግር አለው?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በቋንቋ ሴቲንግስ ውስጥ አማርኛን ይጨምሩ። አጻጻፉ ካልተመቸዎ ኪይማን የተባለው መጻፊያ በነጻ ከራሱ ድረ ገጽ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ፋይሉን ማንም ይከፍተዋል?

መልስ፦ የዊንዶውስ የይለፍ ቃል ብቻውን አያድንም፤ ዲስኩ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል። ዲስኩ ራሱ መመስጠር አለበት፤ ፕሮ ላይ ቢትሎከር፣ በብዙ አዳዲስ ሆም ላፕቶፖች ላይም "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" አለ። ሲያበሩት የሚሰጠውን ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁልፍ በወረቀት ጽፈው ከላፕቶፑ ርቀው ያስቀምጡ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ከሆነ ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዮስ ከማስቀየር ወይም ማዘርቦርድ ከማስጠገን በፊት ቁልፉ በአካውንታችሁ ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ከጠፋ እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ ልንከፍተው አንችልም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬን ለጥገና ስሰጥ የግል ፎቶዎቼ ያሳስቡኛል።

መልስ፦ ሊያሳስብዎት ይገባል፤ ጠጋኙን አስቀየምኩ ብለው አይሸማቀቁ። ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ ፋይሎችዎን ገልብጠው ከላዩ ያጥፉ፤ ለጠጋኙም የተለየ አካውንት ይክፈቱለት። የማይነሣ ከሆነና ችግሩ የስክሪን፣ የኪቦርድ ወይም የቻርጀር ማስገቢያ ከሆነ ዲስኩን አስፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ እነዚህን ለመጠገን ዲስኩ አያስፈልግም። ዲስኩን የግድ መተው ካለብዎ "ፎርማት አድርገው" ከማለትዎ በፊት የትኛው ፎልደር መትረፍ እንዳለበት በጽሑፍ ይስጡ፤ ሲመለስልዎም በዚያ ኮምፒውተር ላይ የነበሩትን የይለፍ ቃሎች ከስልክዎ ይቀይሩ።