ፈረስ እየገባ ብስክሌት ለምን ይከለከላል? ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት

ባለፈው ሰሞን ኮሎራዶ የሚኖር አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ቅዳሜና እሁድ ተራራ ላይ ብስክሌት ይነዳል። ጥያቄው አጭር ነው። «ጋሼ፣ ሞተር የሌለው ብስክሌቴ ዊልደርነስ ውስጥ ተከልክሎ ያ ሁሉ ኪሎ ያለው ፈረስ የሚፈቀደው ለምንድን ነው? ይሄ ፍትሕ ነው?» ዊልደርነስ ማለት አሜሪካ ውስጥ ዱር ሆኖ እንዲቀር በሕግ የተከለለ የሕዝብ መሬት ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ካርታ ስሠራ ነው። አሜሪካ ምዕራብ ውስጥ በሕዝብ መሬት ላይ ክርክር ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋውን ካርታ። ድንበሩ በየት ይለፍ ሲባል መስመሩን የማሰምረው እኔ ነበርኩ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ይኸው ደብዳቤ ሆነ። ሌሎቻችሁም አንብቡት፣ ለእሱ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ሕጉን እንጨርሰው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) የዊልደርነስ ሕግን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 ነው። ዋናው አርቃቂ ሃዋርድ ዛኒዘር ረቂቁን 66 ጊዜ ያህል ጽፈውታል፣ ፊርማውን ግን አላዩም፣ ከጥቂት ወራት በፊት አረፉ። ሕጉ የተከለለ ዱር ውስጥ የሞተር ተሽከርካሪን፣ አውሮፕላን ማሳረፍን እና «ሌላ ማንኛውንም ሜካኒካል ማጓጓዣ» ይከለክላል። ጠቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካን ብሔራዊ ደኖች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ፎረስት ሰርቪስ በ1966 ባወጣው ደንብ ክልከላው ሕይወት በሌለው ኃይል ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው ብሎ ነበር። በዚያ ከሄድን በእግር የሚዘወር ብስክሌት ነፃ ነው። በ1980 ደግሞ ኮንግረስ ሞንታና ውስጥ ራትልስኔክ የሚባለውን ቦታ ሲከልል ለቦታው ከሚስማሙት መዝናኛዎች አንዱ አድርጎ ብስክሌትን ጠቅሷል። በ1984 ግን ፎረስት ሰርቪስ ብስክሌትን በስሙ ጠርቶ ከለከለ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

ፍትሕ ነው ወይ ላልከው፣ ጉዳዩ የአፈር ጉዳት ቢሆን ኖሮ ፍትሕ አይደለም እልህ ነበር። በ1994 የታተመ አንድ የሞንታና ጥናት በእርጥብ መንገድ ላይ የፈረስ ኮቴና የሰው እግር ከጎማ የበለጠ አፈር እንደሚያላቅቁ አሳይቷል። እኔ ሕጉን የማነበው ግን ሰው ማሽኑን ደጅ ትቶ በዝግታ የሚገባበት ቦታ እንዲኖር ብሎ የወጣ ሕግ አድርጌ ነው። በብስክሌት አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሸለቆ በእግር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያ ሸለቆ ለእግረኛው ትልቅ ነው። ትልቅ ሆኖ እንዲቀር ነው የተከለለው። ፈረስ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢከብድ ማሽን አይደለም።

ስለዚህ እኔ ሕጉ ባይነካ ይሻላል ባይ ነኝ። በ2016 ሴናተሮቹ ማይክ ሊ እና ኦሪን ሃች ብስክሌት ሊፈቀድ የሚችልበትን ረቂቅ አቅርበው ነበር፣ በ2017 ደግሞ ቶም ማክሊንቶክ በተወካዮች ምክር ቤት ሌላ አቀረቡ። የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ትልቁ ማኅበር ኢምባ ራሱ አልደግፍም አለ። ብዙ ነጂ ተቆጣ። እኔ ግን ማኅበሩ ልክ ነበር እላለሁ። ሕጉ አንዴ ለብስክሌት ከተከፈተ ነገ ማን በዚያው በር እንደሚገባ አይታወቅም።

አሁን ወደ ቁጭቴ።

ቦታውን አልናገርም። ተራራማ ወረዳ ነው እንበል። የደን ዕቅድ፣ ማለትም የደኑ የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ሰነድ፣ እየታደሰ ነበር። ዊልደርነስ ብሎ የሚያጸድቀው ኮንግረስ ብቻ ነው፣ ፎረስት ሰርቪስ ግን ዕቅዱን ሲያድስ ለዊልደርነስ የሚሆኑ ቦታዎችን ያጫል። አንዳንድ ቦታ ላይ ታዲያ ገና ሲታጭ ነው ለብስክሌት የሚዘጋው። ቢተርሩት በሚባለው የሞንታና ደን በ2016 እንዲህ ሆኗል። እኔ የምነግራችሁ ግን በሌላ ቦታ የሆነውን ነው።

አንድ ሸለቆ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ መሐሉ ላይ ወንዝ፣ በጸደይ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን የሚወልድበት። ከሸለቆው በስተምዕራብ ረጅም ሸንተረር አለ፣ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ትሬይል የሚሉት ቀጭን የእግር መንገድ ይሄዳል። ነጂዎቹ የሚወዱት እሱን ነው። የታጨው ክልል ድንበር የተሰመረው ከሸንተረሩ ማዶ፣ አንድ አሮጌ የግንድ ጫኝ መኪና መንገድ ላይ ነው። ለምን እዚያ? መንገድ ለካርታ ስለሚመች ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። በዚህ ምክንያት ትሬይሉ በሙሉ ክልሉ ውስጥ ገባ።

ስብሰባው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ በሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፣ ማንም ሳያዘው። በአንዱ ወገን ነጂዎቹ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። በሌላው ወገን እግረኞቹና ዱር ይጠበቅ የሚሉት፣ አብዛኞቹ ሽበታም። አንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ጡረተኛ መምህርት ተነስተው ስለ ኤልኮቹ መናገር ጀመሩ። ከኋላ ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። አንዱ «ይሄ የእርስዎ ጓሮ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ከዚያ የእሳቸው ወገን አንድ ጎልማሳ ተነሳና ነጂዎቹን «ዱር የማይገባችሁ» አላቸው። ለዓመታት ትሬይሉን በነፃ ሲጠርጉ የኖሩ ልጆች ናቸው እንዲህ የተባሉት። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም።

የጽሑፍ አስተያየት መስጫው ጊዜ መጣ። የነጂዎቹ ክለብ አንድ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠ፣ ስምህን ሞልተህ አንዴ ትጫናለህ፣ ይሄዳል። ጎርፍ ነበር የመጣው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ «ትሬይላችንን አትዝጉብን» የሚል። ይሄንን እወቁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሺህ ቢመጣ የሚመዘነው እንደ አንድ ሐሳብ ነው። ድምፅ ቆጠራ አይደለም። መምህርቷ ግን በእጃቸው ጽፈው፣ ኤልኮቹ የት የት እንደሚወልዱ በእርሳስ ካርታ ስለው ላኩ። የእሳቸው ተነበበ፣ ተጠቀሰ፣ ዕቅዱ ውስጥ ገባ።

የመጨረሻው ረቂቅ ከወጣ በኋላ ለሕዝብ የሚታይበት ምሽት ነበር። እኔ ከካርታዬ አጠገብ ቆሜያለሁ። አንድ ከክለቡ የመጣ ልጅ ቀረበኝ። ዝምተኛ ነው፣ እጁ በሥራ የሻከረ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የቦርሳው ጎን ላይ ፑላስኪ ታስሯል። ፑላስኪ የምታውቁት አይመስለኝም። በአንድ ወገኑ መጥረቢያ በሌላው መቆፈሪያ የሆነ መሣሪያ ነው፣ ስሙ ኤድ ፑላስኪ ከሚባል የአይዳሆ ደን ጠባቂ የመጣ። በ1910ሩ ታላቅ ቃጠሎ ሰዎቹን አሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ እሳቱ እስኪያልፍ በግድ ይዞ ያቆየ ሰው ነው፣ አብዛኞቹም ተረፉ። ትሬይል ላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይሄንን መሣሪያ አያነሳውም፣ እኔም ልጁን ያመንኩት መጀመሪያ በእሱ ነው።

ልጁ ስልኩን አወጣና የጂፒኤስ መስመሩን አሳየኝ። እያንዳንዷን መታጠፊያ፣ ምንጭ፣ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ያውቃል። ከዚያ እርሳስ ለምኖኝ ካርታዬ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከሸንተረሩ ትሬይል ትንሽ ዝቅ ብሎ በሸለቆው በኩል። ይኸው ነው። ድንበሩ ከአሮጌው መንገድ ተነስቶ እዚያ ቢመጣ ትሬይሉ ከክልሉ ውጭ ይቀራል፣ ሸለቆው ከነኤልኩ ውስጥ ይሆናል። የሚቀነሰው መሬት ሸንተረሩና ማዶ ያለው የተጨፈጨፈ ቁልቁለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር በሥራ ዘመኔ ብዙም አላየሁም።

ግን ጊዜው አልፏል። በደን ዕቅድ ላይ በመጨረሻ መቃወም የሚችለው ቀደም ብሎ በጽሑፍ ተጨባጭ አስተያየት የሰጠ ሰው ነው፣ ያውም ባነሳው ነገር ላይ። ልጁ እንደ ሁሉም ድረ ገጹ ላይ ተጭኖ ነበር። ደብዳቤው ስለ ድንበሩ አንድም ቃል የለውም። ይሄንን የፎረስት ሰርቪስ ሠራተኛዋ ስትነግረው እርሳሱን መለሰልኝና ዝም አለ።

ይሄኔ መምህርቷ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የእርሳሷን መስመር ተከተሏት። «ማን ነው ይሄን ያሰመረው?» አሉ። ልጁን አሳየኋቸው። «ኤልኮቹ እኮ ሁሉም ከዚህ በታች ናቸው» አሉት። «ይሄንን ቀደም ብለህ ብታሳየኝ እኔም እፈርምልህ ነበር።» ትንሽ ሲያወሩ ሌላ ነገር ወጣ። እሳቸው በየበጋው በዚያ ሸንተረር ይሄዳሉ። የወደቁትን ዛፎች ማን እንደሚያነሳ ሁልጊዜ ይገርማቸው ነበር። ልጁ ነው።

በአንድ ትንሽ ወረዳ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ መንገድ የሚወዱ፣ መጀመሪያ የተነጋገሩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ካርታ ሠሪ የራሱን ሐሳብ አይናገርም፣ የሥራው ደንብ ነው። ደንቡ ትክክል ነው እላለሁ። አንዳንድ ሌሊት ግን ትክክል አይመስለኝም።

ትሬይሉ ተዘጋ። ልጁም ክለቡም መጥረጉን ተዉት። በየክረምቱ ዛፍ ይወድቅበታል። ጥቂት ዓመት ቆይቼ መምህርቷን ሳገኛቸው ጉልበታቸው ያን ሁሉ ግንድ መሻገር ስላልቻለ እሳቸውም መሄድ አቁመዋል። ያቺን የእርሳስ መስመር ሳስባት፣ ሕጉ አይነካ ያልኩት ሰውዬ፣ ለዚያ ሸንተረር ብቻ ብሎ አንድ ልዩ አንቀጽ ቢጻፍ እደሰት ነበር። ይሄ ከላይ ካልኩት ጋር አይሄድም፣ አውቃለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ።

ምክር ከፈለጋችሁ እንግዲህ ጥቂት። ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ስጡ የሚለውን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዛሬ ልጆች መናደድ ታውቃላችሁ፣ መናደዳችሁን ቪዲዮ ማድረግም ታውቃላችሁ፣ ነገር ግን መቶ ገጽ ዕቅድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ከመካከላችሁ ስንት ነው? ያለ ፈቃድ ትሬይል ቆፍራችሁ ስልክ ላይ ትለጥፉታላችሁ። የዘጉባችሁ ሰዎች ያንን አትመው ነው ስብሰባ ይዘው የሚመጡት። በዚያው ልክ ደግሞ እኛ በወር የምንሠራውን ካርታ እናንተ በአንድ ምሽት በስልካችሁ ትሠሩታላችሁ። ምነው ያንን ብትልኩ!

ተነጋግሮ የተሳካ ቦታ አለ። ዱራንጎ አጠገብ ሄርሞሳ ክሪክ ላይ ነጂው፣ ከብት አርቢው፣ የውኃ ሰዎችና የዱር ተቆርቋሪዎች ከ2008 ጀምሮ አብረው ተቀመጡ። በዲሴምበር 2014 ሕግ ሆነ። ወደ 37,000 ኤከር ዊልደርነስ፣ ወደ 70,000 ኤከር ደግሞ ብስክሌት የሚፈቀድበት ልዩ ክልል። ሁሉም ሁሉን አላገኘም፣ ትሬይሉ ግን አለ።

ሁልጊዜ እንዲህ ያልቃል ብዬ ግን አላታልላችሁም። አይዳሆ ውስጥ ቦልደር ዋይት ክላውድስ ላይ ነጂዎች ከዱር ተቆርቋሪዎች ጋር ሆነው ብስክሌት የማይከለክል ብሔራዊ ቅርስ እንዲሆን ደክመው ነበር። ኦገስት 2015 ላይ ኮንግረስ ያሳለፈው ሕግ ተፈርሞ ወደ 275,000 ኤከር ዊልደርነስ ሆነ፣ ካስል ዲቫይድ እና አንትስ ቤዚን የሚባሉት ትሬይሎች ተዘጉ። ቁጭ ብለው የተነጋገሩ ሰዎች ናቸው የተሸነፉት። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፣ እኔም አዝንላቸዋለሁ። ሸለቆዎቹ ተጠብቀው በመቅረታቸው ግን ደስ ይለኛል።

አንተ ኮሎራዶ ያለኸው፣ የአንተን ደን ዕቅድ ፈልግና መቼ እንደሚታደስ ተመልከት። የታጩትን ቦታዎች ካርታ አውርድና የምትወደውን ትሬይል በላዩ ላይ አስቀምጥ። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሚነካው፣ ስንት ሜትር ቢንቀሳቀስ እንደሚበቃ፣ የሚቀነሰው መሬት ላይ ምን እንዳለ ጻፍ። ከመላክህ በፊት ግን የአካባቢህን የእግረኞች ማኅበር ፈልግና ከመካከላቸው ያንን ሸለቆ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠይቅ፣ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ትሬይሉ ድረስ በእግር አብረህ ሂድ። ብስክሌቱን ቤት ተወው ያን ቀን። የእጅ መጋዝ ሥልጠናም ውሰድ። ዊልደርነስ ውስጥ የሞተር መጋዝ አይገባም፣ በሁለት ሰው የሚጎተተውን ረጅሙን መጋዝ የሚችል ወጣት እየጠፋ ነው፣ በፈቃደኝነት ለመሥራትም የመጋዝ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቁሃል። ብትሸነፍ እንኳ መንገዱ እንዳይጠፋ የምታደርገው በእሱ ነው።

ካርታውን ስትጨርስ ለእኔ ላክልኝ። መስመሩን አየዋለሁ።