የኪት መኪና ኮፈን መንገድ ላይ እንዳይከፈት፦ ጥያቄና መልስ

ከፋብሪካ ተጠናቆ በሚወጣ መኪና ላይ ኮፈኑ የት የት መያዝ እንዳለበት መሐንዲሶች አስበውበታል። በኪት መጥቶ ራሳችን የምንገጣጥመው ላይ ግን ማጠፊያውንም መቆለፊያውንም መርጠን፣ ቀዳዳውን የምንበሳው እኛው ነን። ጥያቄው የሚበዛውም ለዚህ ነው። የደረሱኝን ከታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ኮፈኔ ንቅንቅ አይልም። ፈጣን መንገድ ላይ ስወጣ ግን የፊቱ ሁለት ጥግ ብድግ ቁጭ ሲል አያለሁ። ፋይበር ግላስ ነው፣ ፊት ለፊት መሃል ላይ አንድ መቆለፊያ አለው።

መልስ፦ የነፋስ ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ የሚመጣው ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 17 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ግፊት አለው፣ 120 ላይ 68 ገደማ ይደርሳል። ሁሉም ኮፈኑን ወደ ላይ ያነሳል ማለት አይደለም፣ የአፍንጫው ቅርጽ ይወስነዋል። ነገር ግን ከላይ አየሩ በጉብታው ላይ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከታች ደግሞ በራዲያተሩ ያለፈው አየር መውጫ ካጣ ይጠራቀማል። ከላይ እየተሳበ ከታች ሲገፋ ስስ ፋይበር እንደ ሸራ ይነፋል። መሃል ላይ ያለ አንድ መቆለፊያ ጥጎቹን ሊይዝ አይችልም። ወደ ሁለቱ ጥግ የተጠጉ ሁለት መቆለፊያዎች አድርግ፣ የመሃሉንም አታውጣው፣ ተጠባባቂ ይሁንህ። ለአየሩም መውጫ ክፈትለት፤ የፊት መስታወቱ ሥር ግን አይሁን፣ እዚያ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ አየር ከመውጣት ይልቅ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ፒን፣ የጎማ መንጠቆ፣ ሩብ ዙር ብሎን፣ ከላይ ከኮፈኑ ጋር እኩል የሚተኛ መቆለፊያ፤ ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እኔ ፒን እመርጣለሁ። ከሻንሲው የሚነሳ ብሎን፣ በኮፈኑ ቀዳዳ ወጥቶ በሽቦ ክሊፕ ይያዛል። መግባት አለመግባቱን በዓይንህ ታያለህ፣ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ክሊፑ እንዳይጠፋ በአጭር የሽቦ ገመድ ታስሮ ይቀመጥ፤ ገመዱ ቀለም እንዳይፍቅ ፕላስቲክ የለበሰ ይሁን። እኩል የሚተኛው ያምራል፣ ጥሩም ይይዛል፣ ግን ኮፈኑ ላይ ሰፊ ቀዳዳ መቁረጥ ይጠይቃል። ዱዙስ የሚባለው ሩብ ዙር ብሎን ለአውሮፕላን ክዳኖች ያገለገለ ነው፤ ከታች ያለው የሽቦ ሞላ ከተጋጠሙት ሁለት ሰሌዳዎች ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት። ካልተመጣጠነ ወይ ጠቅ ብሎ አይያዝም ወይ ይላላል። ለአፍንጫና ለጎን ክዳን እወደዋለሁ፣ ለትልቅ ኮፈን ብቻውን አላምነውም። የጎማ መንጠቆ ንዝረት ይውጣል፤ ፀሐይና የሞተር ሙቀት ግን ይሰነጣጥቁታል፣ ስንጥቅ ካየህበት ቀን አትስጠው።

ጥያቄ፦ ፒኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ በትክክል የት እንደምበሳ እንዴት ልወቅ? ኮፈኑን ማበላሸት ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው እህቴ፣ በፋይበር ላይ የተበሳ ቀዳዳ ወደ ኋላ አይመለስም። ፒኖቹን ከኮፈኑ ዝቅ አድርገሽ ሻንሲው ላይ እሰሪያቸው። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀለም ንኪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ኮፈኑን አስቀምጪና አንሺው፤ ምልክቱ ከውስጥ በኩል ይቀራል። ከላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ ያን ጊዜ ስትበሺ የኮፈኑ ቀለም አይፈነጠርም። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከውስጥ ብሺ፣ ኮፈኑን ዘግተሽ መግጠሙን እዪ። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃ በደረጃ ማስፋት፣ ከፒኑ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪበልጥ ድረስ። ኮፈኑ በማጠፊያ ቅስት እየሠራ ስለሚወርድ ለማጠፊያው ቅርብ የሆነ ፒን ክብ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ቀዳዳው ወደ ሞላላ ይሂድ።

ጥያቄ፦ መቆለፊያው ጥሩ ነው፣ ግን ኮፈኑ ኪሽ ኪሽ ይላል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ።

መልስ፦ ኮፈኑ ሲዘጋ ተጭኖ የሚቀመጥበት ነገር የለውም ማለት ነው። ዙሪያውን ከሥሩ የጎማ መቀመጫ አድርግ፣ ሲዘጋ ጎማው ትንሽ መታመቅ አለበት። ኮፈን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በአንድ ጊዜ ጉልበት ሳይሆን በዚያ ትንሽ መነቃነቅ ነው፤ ክሊፑን ይበላዋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ዳዶውን ይፈታዋል። ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ጀምሯል።

መልስ፦ ጭነቱ በጠባብ ቦታ ተከማችቶ ነው። ስንጥቁ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ ከዚያ አያልፍም። ከሥሩ በፋይበርና በሬዚን (ፋይበሩን በሚያደርቀው ፈሳሽ ሙጫ) አጠናክር፣ ከዚያ ሰፊ የአሉሚኒየም ላሜራ አልብስ፤ ተራ ሮንዴላ በፋይበር ላይ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የእኔ ማጠፊያው ከፊት ነው። ነፋሱ ራሱ ይዘጋዋል፣ ታዲያ ሁለተኛ መያዣ ለምን?

መልስ፦ ከፊት መታጠፉ በእርግጥ ይሻላል፣ ተነስቶ መስታወት አይሸፍንም። ከውስጥ የሚጠራቀመው አየር ግን የኋላ ጠርዙን መግፋቱ አይቀርም፣ ጎድጓዳም ያዘልለዋል። ሁለት ለየብቻ የሚሠሩ መያዣዎች ይኑሩህ። ከፊት ተነስቶ የአሽከርካሪውን እይታ ለሚጋርድ ኮፈን ደግሞ የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 113 ሁለተኛ መያዣ ግዴታ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን መቆለፊያ በአንድ ካቦ ከውስጥ ልክፈት?

መልስ፦ ይቻላል። ካቦው ሲበጠስ ግን ኮፈኑ ተዘግቶ ይቀራል። ከመኪናው ሥር እጅ የሚደርስበት ሁለተኛ መሳቢያ አስቀድመህ አብጅ። የካቦው ርዝመትም ሁለቱን እኩል እንዲስብ አስተካክል፣ አለበለዚያ አንዱ በግማሽ ተይዞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቀበቶ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ለመልክና ለተጠባባቂነት አዎ። ዋና መያዣ አይሁን፣ ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ እየነዳሁ ቢከፈትና መስታወቱን ቢሸፍነውስ?

መልስ፦ ድንገት ፍሬን አትያዝ፣ ከኋላህ ያለው አያውቅም። እግርህን ከቤንዚን ላይ አንሳ፣ አራቱን ፍሬቻ አብራ፣ በጎን መስኮትና በኮፈኑ ሥር ባለው ክፍተት እያየህ ወደ ዳር ውጣ። ከቆምህ በኋላ ማጠፊያውን መርምር፤ አንዴ ወደ ኋላ የተገለበጠ ኮፈን ማጠፊያውን ያጣምመዋል፣ ስለዚህ ቢዘጋልህም በገመድ አስረህ ቀስ ብለህ ብቻ ተጓዝ።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ጨረስኩ። መያዙን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ መኪናው ቆሞ እያለ እያንዳንዱን ጥግ በእጅህ ወደ ላይ ሳብ። በዳዶና በብሎኑ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምር፣ ከተፈታ መስመሩ ይሰበራል። ፍጥነት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርህ ነድተህ በየመሃሉ ቁምና መስመሮቹን እያቸው።