ድርጅቱ ሲዘጋ ካርዱም ይዘጋ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አሜሪካ ውስጥ በኤልኤልሲ (ከባለቤቶቹ ተለይቶ በሕግ የሚመዘገብ ድርጅት) ስም የምናሠራውን የጽዳት ድርጅት ልንዘጋ ነው። የድርጅቱ ክሬዲት ካርድ ሊሚት (የብድር ጣሪያው) 18,000 ዶላር ነው። ዕዳ የለበትም፤ ግን በየዓመቱ 95 ዶላር ይቆረጥበታል። የምናውቀው ሰው ሁሉ «ካርድ ከዘጋችሁ ክሬዲት ስኮራችሁ (ብድር የመክፈል ታማኝነት ነጥባችሁ) ይወርዳል፣ ተዉት» ይለናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የሰዎቹ ምክር ለግል ካርድ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። የቢዝነስ ካርድ ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ባንኮች የቢዝነስ ካርድን እንቅስቃሴ ለግል ክሬዲት ቢሮዎች (የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡ ድርጅቶች) የሚያሳውቁት ክፍያ ሲጓደል ብቻ ነው፤ በየወሩ የሚያሳውቁም አሉ። የእናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱን ቢሮዎች፣ ማለትም የኤክስፔሪያንን፣ የኢኩዊፋክስንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በነጻ አውጡና ሦስቱንም ተመልከቱ። ካርዱ አንዱም ላይ ከሌለ፣ መዝጋታችሁ የግል ስኮራችሁን አይነካውም።

ካርዱ ከተገኘ ስሌቱን ሥሩ። የግል ካርዶቻችሁ ሊሚት በድምሩ 12,000፣ ያለባቸው ዕዳ ደግሞ 3,000 ዶላር ነው እንበል። የድርጅቱ ካርድ ሲታከልበት ሊሚቱ 30,000 ስለሚሆን የተጠቀማችሁት 10 በመቶውን ነው። ካርዱ ሲወጣ ያው 3,000 ዶላር 25 በመቶ ይሆናል፤ ስኮሩን የሚያወርደው ይህ ነው። የግል ዕዳውን ከፍላችሁ ከዘጋችሁት ግን ጉዳቱ ይህን ያህል አይሆንም። የካርዱ ዕድሜም ወዲያው አይጠፋም፤ በአግባቡ ተከፍሎ የተዘጋ ካርድ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሪፖርቱ ላይ ሊቆይ ይችላል።

በእኛ እምነት ከስኮሩ ይልቅ የሚያሳስበው የግል ዋስትናው ነው። ካርዱን ስታወጡ የፈረማችሁት ውል ላይ በግላችሁ ዋስ የሚያደርጋችሁ አንቀጽ መኖሩ አይቀርም። ኤልኤልሲው በስቴቱ መዝገብ ቢፈርስም ይህ ዋስትና አብሮ አይፈርስም። ተከፍቶ የተተወ ካርድ ላይ ራሱን የሚያድስ የሶፍትዌር ክፍያ ይገባል፤ ስቴትመንቱ (ወርሃዊው የሂሳብ መግለጫ) ማንም ወደማይከፍተው የድርጅቱ ኢሜይል ይሄዳል፤ ክፍያው ሲዘገይ የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው። በዚያ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ ለተጠቃሚዎች የሰጠው ከለላ በአብዛኛው የቢዝነስ ካርድን አይጨምርም። ካርዱን ለቤት ወጪ እናውለው ማለትም አያዋጣም፤ ውሉ ለንግድ ሥራ ብቻ ይላል።

ስለዚህ ዝጉት፤ ግን ከሁሉ በኋላ። የምንሰማው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው።

መጀመሪያ ያለፉትን 12 ወራት ስቴትመንቶች አንድ በአንድ እዩ። የሦስት ወር አይበቃም፤ ኢንሹራንስ፣ የድረ ገጽ ስምና የፈቃድ እድሳት በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚቆረጡት። እያንዳንዱን ከራሱ ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሰርዙ። ካርዱ ሲዘጋ ክፍያው በራሱ ይቆማል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከተዘጋ በኋላም ተደጋጋሚ ክፍያ የሚያሳልፉ ባንኮች አሉ። ቀጥሎ በሠራተኞች እጅ ያሉትን ካርዶች አስሰርዙ። የተጠራቀመ ፖይንት ካለ ተጠቀሙበት፤ ካርዱ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስቴትመንቶቹንም ኮምፒውተራችሁ ላይ አውርዱ፤ ከተዘጋ በኋላ በኦንላይን ላታገኟቸው ትችላላችሁ። የታክስ ሰነድ በጥቅሉ ቢያንስ 3 ዓመት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ታክስ ደግሞ ቢያንስ 4 ዓመት መቀመጥ አለበት።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ዋናው ቦታ የድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ነው። ከካርዱ በፊት ሂሳቡን ከዘጋችሁ፣ በአውቶፔይ (ከሂሳቡ በራሱ እየተቆረጠ) ሊከፈል የነበረው ቢል ተመላሽ ይሆንና ቅጣት ያመጣል። ሌላም አለ፦ ከልክ በላይ ከፍላችሁ ወይም አንድ አቅራቢ ገንዘብ መልሶላችሁ ካርዱ ላይ ትርፍ ቢገኝ፣ ባንኩ ቼኩን በድርጅቱ ስም ሊጽፈው ይችላል። የድርጅቱ ሂሳብ ከሌለ ያን ቼክ ማስገባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ ካርዱ ዜሮ መሆኑን የሚያሳይ የመጨረሻ ስቴትመንት እስኪመጣ ሂሳቡን አትንኩት።

ዕዳ ስታሻግሩ ከነበረ ደግሞ ሙሉውን ከፍላችሁም በሚቀጥለው ወር ትንሽ ወለድ ሊመጣ ይችላል። ስቴትመንቱ ከወጣበት ቀን እስከ ከፈላችሁበት ቀን ድረስ የታሰበ ነው። እሱንም ከፍላችሁ ደውሉና ዝጉ፤ በደንበኛው ጥያቄ መዘጋቱንና ቀሪ ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ዓመታዊው 95 ዶላር በቅርቡ ተቆርጦ ከሆነ ይመለስ እንደሆነ በዚያው ስልክ ጠይቁ። ከተቆረጠ ብዙ ካልቆየ የሚመልሱ ባንኮች አሉ።

ጥያቄ፦ ኤልኤልሲዬን አፍርሻለሁ። ካርዱ ላይ 7,400 ዶላር ቀርቷል። ድርጅቱ ከሌለ ዕዳው ከማን ሊጠየቅ ነው?

መልስ፦ ዋስትናውን ፈርመው ከሆነ ከእርስዎ። ኤልኤልሲው ቻፕተር 7 ባንክረፕሲ (ንብረት ተሸጦ ለአበዳሪዎች የሚከፋፈልበት የኪሳራ ሂደት) ቢገባ እንኳ የዋሱን ግዴታ አያነሳም። ካርዱን አሁን መዝጋት አዲስ ወጪ ያቆማል እንጂ ወለዱን አያስቆምም። ዜሮ ወለድ የተሰጠበት ጊዜ ገና ካላለቀ ደግሞ፣ ሲዘጋ ያ ቅናሽ ይቀር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድም ክፍያ ሳያመልጥዎት ለባንኩ ደውለው ሥራው መቆሙን ይንገሩና የወለድ ቅናሽ ያለው የአከፋፈል ዕቅድ እንዳላቸው ይጠይቁ። ክፍያ ካለፈ በኋላ ከመደወል ይህ በብዙ ይሻላል። ከዕዳው ከፊሉ እንዲሰረዝ ከተስማሙ ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ምንም አይላኩ። የተሰረዘው 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባንኩ 1099-ሲ የተባለውን ፎርም ይልካል፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስም እንደ ገቢ ሊቆጥረው ይችላል። በዚያን ጊዜ ዕዳዎ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ ፎርም 982 ከዚህ ታክስ ሊያድንዎ ስለሚችል ለአካውንታንትዎ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ድርጅቱን ዘግቼ ያንኑ ሥራ ብቻዬን በራሴ ስም ልቀጥል ነው። ካርዱን ይዤ መቆየት እችላለሁ?

መልስ፦ የንግድ ሥራዎ ስላልቆመ ለማቆየት በቂ ምክንያት አለዎት፤ ግን ባንኩ ሳያውቅ አይሆንም። ካርዱ የወጣው በኤልኤልሲው ስምና በኢአይኤን (የድርጅት የታክስ መለያ) ቁጥሩ ነው። አንዳንድ ባንክ መረጃውን ያስተካክላል፤ ሌላው አዲስ ማመልከቻ ይጠይቃል፤ ያኔ የክሬዲት ምርመራ ይኖራል። አዲሱ ካርድ እጅዎ ሳይገባ አሮጌውን አይዝጉ። ዓመታዊ ክፍያው የሚከብድዎት ከሆነ ደግሞ ክፍያ ወደሌለው የዚያው ባንክ ካርድ እንዲቀይሩልዎት ይጠይቁ።