መልስ፦ የአዲስ አበባን ክረምት ሸሽቶ ሐምሌ ላይ ዳሎል ለካርናላይት (የፖታሽ ጨው ማዕድን) ናሙና መውረድ

ሐምሌ ላይ ልውረድ ወይ ላልከው፣ አትውረድ። ዝናቡን ብታመልጥም ያኔ የዳሎል የቀን ሙቀት ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ይሻልሃል፤ ያኔም ቢሆን ሥራህን ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ጨርስ። የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ያዝ፣ የማብሰያው ለብቻ።

ስለ ካርናላይቱ፦ እርጥበት ይስባል። እንዳወጣኸው እዚያው በሁለት ፕላስቲክ ደርበህ አሽገው። በጨርቅ ከረጢት ከጫንከው አዲስ አበባ የሚደርሰው ላቦት የመሰለ እርጥብ ዝቃጭ ነው። የናሙናው ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት በሁለቱ ፕላስቲኮች መሃል አድርግ፤ ከጨው ጋር ከገባ ርሶ ጽሑፉ ይጠፋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከል፣ አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ያጓጓል። አንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከትግራይ ደጋ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል።