ዝናብ ሲጀምር እጄ ይጨበጣል
ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ባለፈው ክረምት ከአብሮ አደጌ ጋር የእንጦጦን ጫካ ስናቋርጥ ደራሽ ውኃ ሸለቆው ውስጥ ደረሰብን፤ እርሱን ወሰደው፣ እኔ የዛፍ ሥር ጨብጬ አደርሁ። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እጄ ሳላስበው ይጨበጣል፤ እንቅልፍም የለኝም። እናቴ «እግዜር አትርፎሃል፣ እርሳው» ትለኛለች። እያበድሁ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጓደኛዎን ነፍስ ይማር። አላበዱም። ሞትን ፊት ለፊት ያየ ሰው አንጎል አደጋው እንዳለፈ በቀላሉ ስለማይቀበል፣ ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልብን ያስደልቃል፣ ጡንቻን ያስጨብጣል። ይህ ከአንድ ወር በላይ ዘልቆ እንቅልፍና ሥራ ከነሳ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ከርሟል። «እርሳው» ከእናት ፍቅር የመጣ ምክር ቢሆንም አይሠራም፤ የሚረዳው የሆነውን በሠለጠነ ባለሙያ ፊት ቀስ በቀስ መናገር ነው። ከአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታልም ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ መተው አያስፈልግዎትም። አረቄ ግን እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል እንጂ ቅዠቱን ስለሚያባብስ፣ እባክዎ ይራቁት። እስከዚያው ዝናቡ ሲጀምር እግርዎን ወለሉ ላይ አጽንተው፣ የያዙትን የቡና ስኒ ሙቀት እያስተዋሉ፣ «አሁን ቤቴ ውስጥ ነኝ» ብለው ድምፅ አውጥተው ይናገሩ።