ሞተሩ ይውረድ ወይስ መኪናው ይሸጥ? ያረጀ ፎር ዊል ላላችሁ ጥያቄና መልስ

ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ ውስጥ ለውስጥ በሚያስኬደው መንገድ ላይ ባለች ጋራዥ 24 ዓመት ፎር ዊል መኪና ሠርቻለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እጄን ታጥቤ ቁጭ ብያለሁ። እስኪመሽ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ጠዋት የተነገረኝ ዋጋ ከሰዓት አይገኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ያወረሰኝ ላንድክሩዘር ሀርድቶፕ አለኝ። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ጉልበትም የለውም። መካኒኩ "ሞተሩ አብቅቶለታል፤ ወይ ይውረድ ወይ ሽጪው" አለኝ። መኪናው አሁን ለገሀር ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጭሱ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው እልሽ ነበር። ነጭ ሆኖ ከሞቀም በኋላ አልቆም ቢል ውሃ ገብቷል ብዬ እሰጋ ነበር። ጥቁር ግን ናፍጣው ለሚገባው አየር በዛ ማለት ነው። ይኼ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ቱርቦ ስለሌለው የሚገፋለት የለም፣ አየሩን ራሱ ነው የሚስበው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ጤነኛውም ዋን ኤች ዜድ ያለከልካል፣ ትንሽም ያጨሳል። አየር ማጣሪያው ከተደፈነ ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ካንጠባጠበማ ከኋላ ያለው ሾፌር መንገድ አይታየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ኖዝል፣ ቀጥሎ የናፍጣ ፖምፓ ይታያል። ሞተር ማውረድ፣ ማለትም አውጥቶ ፈትቶ ማደስ፣ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በር ላይ ከቆመልሽ አንድ ነገር ሞክሪ። ሞተሩን አስነሽና የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቺው፤ ከዚያ ገልብጠሽ ቀዳዳው ላይ ዝም ብለሽ አስቀምጪው። ባለበት ቆሞ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀና ከቀዳዳው ጭስ ቱፍ ቱፍ እያለ ከወጣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል፤ ያኔ መካኒክሽ ልክ ነው። የማጣሪያውንም ቤት ክፈቺና ያየሽውን ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ "የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ አውጥተህ ጣለው" ይለኛል። የኔ ኒሳን ፓትሮል ግማሹን ሊያልፍ ነው።

መልስ፦ ወንድምህ ባለበት አገር ልክ ነው። እዚያ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ስሌቱም የተሠራው በዚያ ነው። እዚህ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቆመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ያንተ ፓትሮል አርጅቶም አልረከሰም፤ ልትተካው የምትፈልገው ግን ከሱ ብሶ ተወደደ።

እኔ ደንበኛን ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ አስጽፈዋለሁ። ያንተ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ስንት ያወጣል? የሚተካው ስንት ነው? የሚተካውስ በገባ በስድስት ወር ውስጥ ምን ይጠይቃል? ሦስተኛውን ማንም አይጽፍም። ደላላ "ነዳጅ ሞልተህ መንዳት ብቻ ነው" ያለው መኪና ጋራዤ ሲገባ ጎማ፣ ባትሪ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ አንዳንዴም ካምቢዮ ይዞ ነው የሚመጣው። ያንተን ፓትሮል ሕመም አንተ ታውቀዋለህ፤ የሌላውን የሚያውቀው ሻጩ ነው። የጥገናህን ሂሳብ በሁለቱ መኪኖች ልዩነትና በሦስተኛው ቁጥር ድምር ለካው። ብዙ ጊዜ ጥገናው ያዋጣል። ሞተርህ ቲ ዲ 42 ከሆነ ሳታመነታ አሠራው፤ ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ታይሚንግ በብረት ጥርስ እንጂ በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ አይዞርም፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። ዜድ ዲ 30 ከሆነ ግን ፒስተን በማቃጠል ስሙ የጠፋ ስለሆነ መጀመሪያ የሲሊንደሮቹ ግፊት፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ይለካልህ።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ፒካፕ ሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ተበይዷል። ልተወው?

መልስ፦ ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ የላንድክሩዘር ፒካፕ አመጣልኝ። ሞተሩን አወረድኩ፤ ሬክቲፊካ ገባ፣ ብሮንዚናና ፋሻ ተቀየረ፣ ኖዝሉ ተሠራ። ሲነሳ ድምፁ ደስ ይላል። በወሩ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበት ላይ ሻንሲው ተቀደደና የዕቃ መጫኛው ወደ ጎን ተንጋደደ። ለካ መኪናው ለዓመታት ከአፍዴራ ጨው ሲጭን የኖረ ነው፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ከሥሩም ገብቼ አላየሁም። ሰውዬው አልተቆጣኝም። ያዘዝኩለትን ሻይ ጠጥቶ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሞተር ክዳን ከመክፈቴ በፊት መዶሻ ይዤ ከሥር እገባለሁ። ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያልኩ እመታለሁ። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ታፍኖ ዝገት በፊቴ ላይ ይረግፋል። በብሎን የታሰረ ነገር ሁሉ ይቀየራል፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሲያል፣ በርም ሳይቀር። ሻንሲ ግን ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ከሄደ መኪናው ሄደ። ያንተ ብየዳ ለዕቃ መጫኛ ተብሎ ጫፉ ላይ የተጨመረ ብረት ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ባሌስትራ፣ የመሪ ሳጥን ወይም የሞተር መቀመጫ ላይ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ፕራዶ፣ ዋን ኬ ዜድ ሞተር። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ። ቴስታታ ልቀይር ወይስ ያገለገለ ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ ይኼ ሞተር በቴስታታው መሰንጠቅ የታወቀ ነው። ከሥር ያለው ደህና ከሆነ ቴስታታ ብቻ ቀይር። ያገለገለ ሞተር ስትገዛ የሱም ቴስታታ ነገ አይሰነጠቅም ያለህ ማነው? በዚያ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ካልተስተካከለ ለቦሎ ስትሄድ ትመለሳለህ።

ግን መጀመሪያ ለምን ሞቀ? እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተርህ ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ውሃው ቀስ እያለ ይጎድላል፣ አንተ የቧንቧ ውሃ ትጨምራለህ፣ ራዲያተሩ በዝገት ይደፈናል፣ ቴስታታ ይሄዳል። ክዳኑን፣ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱንና የማራገቢያውን ክላች ሳታይ አዲስ ቴስታታ ብትገጥም በዓመቱ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንገናኛለን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የድሮ ላንድሮቨር ዲፌንደር አለኝ። አካሉ ዝገት የሚባል አያውቀውም። ልጆቼ ሽጠው ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ ነው የማይዝገው። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ የሚዝገውም ከውስጥ ነው። አንድ ሰው ከሥር ገብቶ በተለይ የኋላውን መስቀለኛ ይምታልዎት። ደህና ከሆነ አይሽጡት፤ ልጆችዎ በኋላ ይቆጫቸዋል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ እንዳይደነግጡ፤ ከሥሩ ካርቶን ያንጥፉለት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሸጬ ኤሌክትሪክ ብገዛስ?

መልስ፦ ከካዛንቺስ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት ከሆነ ውሎህ ግዛ፤ ለዚያ ሥራ ያረጀ ፎር ዊል ማንገላታት ትርፉ ናፍጣ ማቃጠል ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ባሌ፣ ኦሞ ወይም መንዝ የምትወርድ ከሆነ አሮጌውን አትልቀቀው።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ዕቃ ስገዛ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሂድ። ቁጥሩን አስተያይ፣ በሁለት እጅህ መዝነው። ካርቶን አታይ፤ ካርቶን ለብቻው ይታተማል።

ጥያቄ፦ የዋን ኤች ዜድ ታይሚንግ ቺንጋ መቼ ነው የሚቀየረው?

መልስ፦ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ። ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ ቤልት" የሚል መብራት ይበራል። ቺንጋው እየሄደ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ በቺንጋ ዋጋ ያልፍ የነበረው ነገር ሞተር ያስወርዳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ ሀርድቶፗ ነኝ። ክዳኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም። የማጣሪያው ቤት ውስጥ ግን አቧራው እንደ ተፈጨ ሽሮ ተቆልሏል። ደግሞ አሁን የጻፉትን ሳነብ ዳሽቦርዱን አየሁ፤ ያሉት መብራት በርቷል። አባቴ በሕይወት እያለ ጀምሮ ይበራል፤ ደህና ነው የሚል ምልክት መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ አጥፊው። አሁኑኑ አጥፊና ቁልፉን ንቀዪው። ምናልባት አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቺንጋውን አስቀይረው መብራቱን የሚያጠፋላቸው አላገኙ ይሆናል። ሞተሩ ፊት ላይ ያለው የቺንጋ መክደኛ ላይ ቀን ወይም ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ነገር ካለ ፎቶ አንሽልኝ። ከሌለ ሰኞ ጠዋት አስጎትተሽ አምጪው፤ ከለገሀር እዚህ ቅርብ ነው። ነድተሽ እንዳትመጪ።