«ስንጥቁ ለምን ተመለሰ?» ላልከኝ ወንድሜ

ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሞተርሆም፣ ማለትም ቤት የተሠራበት መኪና፣ ጥገና ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሃል፤ አጎትህ ደግሞ «አቧራ ለብሰህ ከምትገባ ነርስነት ተማር፤ ብድሩን አብሬህ እፈርማለሁ» ብለውሃል። እኔን የያዘኝ ግን እግረ መንገድህን ያነሳሃት ነገር ናት። ከመስኮት ጥግ የተነሳውን ስንጥቅ በስቱኮ ሞልተህ ቀለም እንድትቀባው አለቃህ አዘዘህ፤ በሦስተኛው ወር ስንጥቁ በዚያው መስመር ወጣ። «ሙያው አልገባኝም ማለት ነው?» ስትል ጠየቅከኝ።

ገብቶሃል። የሞተርሆሙ ግድግዳ የተሠራበት ፋይበር ግላስ የላይኛው ሽፋን፣ ጄልኮቱ፣ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም መታጠፍ አይችልም። መኪናው በመንገድ በተናጠ ቁጥር ጫናው መስኮትና በር የተቆረጡበት ጥግ ላይ ይከማቻል። ከሥር ያለው ክፈፍ ከላላ ወይም ውኃ ገብቶ እንጨቱ ከበሰበሰ፣ ላዩ ላይ የለጠፍከው ስቱኮ አብሮ ይሰነጠቃል። ጥጉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው ግድግዳው ገባ እንዳለ ጽፈህልኝ የለም? ምክንያቱን ያኔውኑ ነክተኸዋል። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ክፈፍ በደንብ ይታሰራል፣ የውኃው መግቢያ ይደፈናል። ከዚያ ስንጥቁ እስከ ጫፉ ይከፈታል፤ ፋይበሩ ራሱ ከተሰበረ ዙሪያው በሰፊው ተሞርዶ በሬዚን፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ የራሰ የመስታወት ጨርቅ ይደራረብበታል። ጄልኮት የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለምክር ሥራ ከመቀመጤ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ዓመት ላሜራ ቀጥቅጫለሁ። ዝገቱ ሳይፋቅ ስቱኮ የተለጠፈበት በር ክረምት ሲገባ አብጦ ሲመለስ፣ ደንበኛው የሚያፍረው በአለቃዬ ሳይሆን በእኔ እጅ ነበር። ስለዚህ ጋራዡን ልቀቅ፤ ሙያውን ግን አትልቀቅ።

አጎትህን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስተዋል። ነርስነት ለሚወደው ሰው ክቡር ሥራ ነው። አንተ በሦስት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሕመምተኛ አንድ ቃል አልጻፍክም፤ ስለዚያ ግድግዳ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈሃል። እሳቸው ቢፈርሙም ብድሩን በየወሩ የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ጎንደር ለእናትህ የምትልከው 400 ዶላርም ከዚያው ደመወዝ ነው የሚወጣው። «ዘመድ ምን ይላል» ተብሎ ዕዳ አይገባም።

አዲስ ሥራ ሳትይዝ ግን አትውጣ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ አንተም ጠይቃቸው፦ «ተጠግኖ የተመለሰ ስንጥቅ ሲመጣላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?» መልሳቸው ከቀለም የሚጀምር ከሆነ አመስግነህ ውጣ። ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና የሚገኘው የአርቪ (የሞተርሆምና የመሰሎቹ) ቴክኒካል ኢንስቲትዩት የሚሰጣቸውን ሥልጠናዎች፣ የአሜሪካ ኮምፖዚት (እንደ ፋይበር ግላስ ያሉ ቁሶች) አምራቾች ማኅበር የሚሰጠውንም የቴክኒሻን ማረጋገጫ ተመልከት። ፋይበር ግላስ የለመደ እጅ ጀልባም ላይ፣ የንፋስ ተርባይን ክንፍም ላይ ይሠራል፤ የተርባይን አምራቹ ቬስታስ እዚያው ኮሎራዶ፣ ዊንድሰር የክንፍ ፋብሪካ አለው።

እንግሊዝኛህ አያሳስብህ፤ የማታ ትምህርት ይበቃዋል። የጻፍክልኝ ሳል ግን ያሳስበኛል። ሐኪም ይይህ። የወረቀት ጭንብል የሬዚንን ትነት አያስቆምም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልግሃል። ሬዚኑ ውስጥ የሚጨመረውን ማጠንከሪያ ስትለካም መከላከያ መነጽር አድርግ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። አለቃህ ካልሰጠህ ከሰኞ በፊት ራስህ ግዛ።